የአያ ታከለ የጾም ስኳር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህን ተረት እኔ እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። ሃያ ስምንት ዓመት ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ሆኜ የሰው ቦርሳ፣ የሰው ኪስ፣ የሰው ምሳ ዕቃ ስከፍት ኖሬአለሁ። ሰው ፈገግ ካለልኝ «ምን ደብቆ ነው?» እላለሁ፤ ካላለልኝም «ምን ደብቆ ነው?» እላለሁ። ጡረታ ስወጣ አመሌም አብሮኝ ወጣ።

በየወሩ ክኒናችንን ልንወስድ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ «ይርጋ፣ ወገራ ሄደህ ምን አይተህ መጣህ?» እያላችሁ ላደረቃችሁኝ ጓደኞቼ ይኸው ጻፍሁላችሁ። አብዛኞቻችሁ ጉልበታችሁም ዘመኑም ስለማይፈቅድላችሁ እዚያ አትደርሱም። ግንቡን አየህ ወይ ግን አትበሉኝ። የጎንደርን ግንብ በባጃጅ መስኮት ነው ያየሁት። ልቤ ሌላ ነገር ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ ወደ ዳባት ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ሽቅብ በእግር የሚያስኬድ አገር ላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነው። የስኳር በሽታ ከተገኘበት ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ ስድስት ዓመቴ። እኔ ግማሽ እንጀራ በጎመን እየበላሁ፣ በየማለዳው በሐይቁ ዳር እየተራመድሁ ልኬቴ ሲረጋ፣ የእሱ በሄደ ቁጥር ከፍ ይላል። ክኒኑን አንድ ብለው ጀመሩለት፤ ሁለት አደረጉት፤ ትንሿን ክኒን ጨመሩለት፤ እሷንም ጠዋትና ማታ አደረጓት። በመጨረሻ ነርሷ «በሚመጣው ረቡዕ ካልወረደ ጎንደር ልከንህ መርፌ ትጀምራለህ» አለችው። በዚያው ቀን ደወለልኝ።

«ይርጋ፣ መርፌ ከምወጋ ክኒኑንም ወዲያ ጥዬ ቀኔን እጠብቃለሁ። አባታችን መርፌ በተወጋ ማግስት እንደ ሞተ ረሳኸው?»

አባታችንን የገደለው መርፌው አልነበረም፤ ግን ይህን ለአያ ታከለ ማን ይንገረው! ያለውን ደግሞ የሚያደርግ ሰው ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርሁ። የአጎታችን ልጅ ለገበያ ባሕር ዳር በመጣ ጊዜ «አያ ታከለ አንዳንድ ቀን ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ሚስቱ ከጓዳ ነጭ ነገር በስኒ በጥብጣ ታጠጣዋለች» ብሎኝ ነበር። ይህቺ ሚስቱ፣ እቴ ይታይሽ፣ የመጀመሪያዋ ከሞተች በኋላ ያገባት ናት። በዕድሜ ብበልጣትም የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናትና እቴ እላታለሁ። ያየኋት አንድ ጊዜ፣ ያውም በሠርጋቸው ቀን ነው። ነጭ ነገር! ከጓዳ! በስኒ! ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት አለ?

እሑድ

መለኪያዬን፣ ክኒኔን፣ አንድ ፌስታል የሽንብራ ቆሎና አራት ከረሜላ ቋጥሬ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ከአዲስ ዘመን አለፍ ብሎ አንድ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ቀጠን ያለ ወጣት ነው። አፈታተሹን አልወደድሁለትም፤ ከላይ ብቻ ነው የሚዳብስ። ሰው ነገሩን የሚያስቀምጠው ከታች ነው። ልነግረው ፈልጌ ዝም አልሁ።

መለኪያዬን አወጣና «አባት፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የደም ስኳር መለኪያ። ስኳር አለብኝ።»

«ከረሜላውስ?»

«ስኳሩ ሲወርድብኝ የምበላው።»

«ስኳር አለብኝ እያሉ ከረሜላ በኪስ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን አውቀዋለሁ፤ እኔም በር ላይ እንዲህ ስቄአለሁ። ያላመነ ሰው ሳቅ ነው።

እንዲያምነኝ ብዬ ጣቱን ወግቼ ለካሁት። ዘጠና አራት። «ምን ማለት ነው?» ቢለኝ «ሚስት አግባ ማለት ነው» አልሁትና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከዚያማ ጣቱን የማይዘረጋ ጠፋ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሁለት መቶ አምስት ወጣባት። ቁርስ ምን በላሽ ብላት «ጨጨብሳ በማር» አለችኝ።

«እንግዲያስ ይህ አይታመንም፤ ሌላ ቀን በጾም ተለኪ» አልኋት።

«ደግሞ ለስኳርም ጾም አለው?» አለችኝ። ቀልደኛ መሰለችኝና አብሬ ሳቅሁ።

ማክሰኝት ላይ ለምሳ ቆምን። ሽሮ በአንድ እንጀራ ባዝዝ ባለቤቲቱ ሦስት አንጥፋ መጣች። «አንዱን ብቻ» ብላት «ምነው፣ ቤቴን ናቅኸው?» ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች። በሽታዬን ብነግራት ሁለቱን እንጀራ አንስታ በምትኩ አንድ ሳህን ጎመን አመጣችልኝ፤ ስለ ጎመኑ አንድም ነገር አልቀበልም አለች። ይህችስ ምን ፈልጋ ይሆን ብዬ እስከ ጠዳ ድረስ ሳስብ ሄድሁ። ምንም አልፈለገችም።

ጎንደር ፒያሳ አልጋ ይዤ ሻይ ያለ ስኳር አዘዝሁ። ጣፋጭ መጣ። መለስሁት። ሁለተኛውም ጣፈጠኝ። አስተናጋጇ «ኧረ ትንሽ ናት ጣል ያደረግሁበት! ያለ ስኳርማ ሻይ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። እኔ በለመድሁት የባሕር ዳር ሻይ ቤት ስኳሩ ለብቻው ነው የሚመጣው። ሦስተኛውን ራሷ ቀምሳ «አሁን መራራ ነው፤ ይጠጡት» ብላ አስቀመጠችልኝ። የቀመሰችውን መጠጣት አልወድም ነበር። ግን ከስኳሩ እሱ ይሻል ብዬ ጠጣሁት።

ሰኞ

የዳባት ሚኒባስ ሞልቶ እስኪወጣ ሦስት ሰዓት ሆነ። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ጎማው ተኛ። ትርፍ ጎማ ሲወርድ እሱም የተኛ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ «ትናንት ደኅና ነበር» ይላል፤ እኔ አላመንሁትም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ጭኖ ሊያስለጥፍ ሄደና እኛ መንገድ ዳር ተሰጣን። የወገራን ብርድ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ባሕር ዳር በጥር ሸሚዝ ለብሰን እንውላለን፤ እዚያ ፀሐይ ወጥታም ጥርስ ይንገጫገጫል።

የሽንብራ ቆሎዬን ፒያሳ አልጋው ላይ ረስቼው ኖሯል። በማለዳ ለመሳፈር ስቸኩል ክኒኔን ሳልውጥ ነበር የወጣሁትና አሁን በእጄ ይዤ ባዶ መንገድ እያየሁ ቀረሁ። ከአንድ ቤት ደጃፍ ገብስ የምታበጥር ሴት አየችኝ።

«አያ፣ መድኃኒት ነው የያዝኸው?»

«አዎ።»

«በባዶ ሆድ ልትውጠው? ኧረ በስማም!» ብላ ገባችና የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ፣ ውኃ በጣሳ ይዛ ወጣች። ውኃው ከየት ነው፣ እጇስ ታጥቧል ወይ እያልሁ ንፍሮውን አንድ ሳላስቀር በላሁት። ሸጋ ንፍሮ ነበር። አሥራ አንድ ተሳፋሪ አብሮኝ በላ።

አያ ታከለ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። እኔ የደረስሁት አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከስቷል። ጋቢው ትከሻው ላይ አልረጋ ብሎት ቶሎ ቶሎ ይመልሰዋል። ተሳስመን ስናበቃ «ምሳ በልተሃል?» ብለው «እንግዳዬ ሳይመጣ? ምን ሲደረግ!» አለኝ። ጠዋት ግን ሁለቱንም ክኒን ውጧል። ቦርሳዬን ነጥቆኝ ሽቅብ ወጣን።

ግማሽ መንገድ ላይ ወሬው መደናገር ጀመረ። ስለ አውድማው ሲያወራኝ ቆይቶ ድንገት ቆመና «አባዬ፣ በሬዎቹን ማን ፈታቸው?» አለኝ። አባዬ የሚለው የሞተውን አባታችንን ነው። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አስቀምጬ ለካሁት። ሃምሳ አምስት! ከረሜላ ፈትቼ ስሰጠው አፉን ገጠመ።

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ልትገድለኝ ነው?»

«አያ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ክፈት!»

ጉንጩን ይዤ አጎረስሁት። እንዲያ ሆኖ እንኳ ሊተፋው ታገለኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዓይኑ ተመለሰና «ምነው ተቀመጥን?» አለኝ። የቀረውን መንገድ ክንዱን ይዤ ወሰድሁት፤ በልቤ ግን ነገር እየፈተልሁ ነበር። በጤና ጣቢያው ካርድ ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል፤ እዚህ ተራራ ላይ መሬት ወርዷል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንድ የሚዋሽ ሰው አለ ማለት ነው።

ማክሰኞ

እቴ ይታይሽ ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ፣ ሰው ስታናግር መሬት መሬት የምታይ ሴት ናት። ሰኞ ማታ ለእኔ ብላ የገብስ እንጀራ በክክ አቅርባ፣ ያነሳሁትን ያህል ብቻ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተወችኝ። ሌላው ዘመድ ሁሉ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲለኝ እሷ አላለችም። ለምን አላለችም? ዝም የሚል ሰው በር ላይ ሁለት ጊዜ ነው የሚፈተሸው።

ጠዋት አያ ታከለ ወደ አውድማው ወረደ። መጀመሪያ ክኒኖቹን አየኋቸው፤ ጊዜያቸው አላለፈም፣ ቁጥራቸውም ልክ ነው። ጠላ ጋኑን አሸተትሁ፤ ደርቋል። እቴ ይታይሽ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ስትሄድ ጓዳ ገባሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ገባሁ። እህሉን፣ ሞሰቡን፣ ድስቶቹን ፈትሼ ጨርሼ ከትልቁ ቅል ጀርባ አረንጓዴ ጥለት ባለው የነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ነጭ ነው።

«ምነው ይርጋ፣ ምን ጠፋህ?»

እንስራዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ስኳር! ስኳር ላለበት ሰው! በክኒን ስናወርደው አንቺ በስኒ ስትሰቅይው ከረምሽ! መርፌውን ያመጣሽበት አንቺ ነሽ! ወይስ መርዝ አልገኝ ብሎሽ ነው?»

ይህን ሁሉ አልሁ። ድምፄ ለጎረቤት ይሰማ ነበር።

እንስራዋን ቀስ አድርጋ አወረደች። «ሲንቀጠቀጥ ነው የምሰጠው» አለች። «የመጀመሪያ ቀን ዓይኑ ሲገለበጥ ጸሎት አድርሼ አለቀስሁ፣ ሌላ የማውቀው የለኝ። በሌላው ጊዜ ለእንግዳ ያፈላሁት ጣፋጭ ሻይ በእጄ ነበርና አጎነጨሁት፤ ነቃ። ከዚያ ወዲህ ሲይዘው ሁለት ማንኪያ በውኃ በጥብጬ አጠጣዋለሁ። ሲነቃ አያስታውሰውም፤ እኔም ስኳር ነው አልለው፤ ቢያውቅ አይጠጣልኝማ። ነርሷም ትቆጣኛለች፣ አንተም ትቆጣኛለህ ብዬ ደበቅሁት። ያው ተቆጣህ።»

ትናንት እኔው ራሴ ከረሜላ በግድ አጉርሼው ነበርና፣ ይህን ስሰማ ልገነዘብ ይገባኝ ነበር። የለም! ግማሹን ብቻ አመንሁ። ለመንቀጥቀጡ ሰጠችው እንበል፤ ታዲያ ካርዱ ላይ ያለው ከፍታ ከየት መጣ? አብዝታበት ነዋ! ቋጠሮውን ይዤ ወጣሁና ደጅ አመዱ ላይ ደፋሁት። ከዳባት ገበያ በስንት መከራ ያመጣችው ስኳር ነበር። አመዱን ቆማ አየችው፣ ከዚያ እንስራዋን አነሳች።

ያን ቀን በዚያ ቤት ምሳና ራት በዝምታ ተበላ። አያ ታከለ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየ «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለ።

ረቡዕ

ቀጠሮው ዛሬ ነው። የመርፌው ነገር የሚቆረጥበት ቀን። በማለዳ ስነሳ አያ ታከለ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ካርዱን ኪሱ ከትቶ፣ ምድጃው ዳር ትልቅ ሳህን ሽሮ ፍትፍት ይዞ ይጎርሳል። ግማሹን ጨርሶታል።

«አያ! ምን እያደረግህ ነው? ልትለካ አይደለም እንዴ የምትሄደው?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ትበላለህ?»

«ምነው? ጾም ነው» አለኝ። «ሽሮ ነው፤ ዘይቱም የኑግ ነው። የነፍስ አባቴ ስለ ክኒኑ ሲሉ ሰዓቱን እንጂ ጾሙን አልፈቱልኝም። ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ይታይሽ አለችልህ፣ ጠይቃት።»

«ድስቱም የጾም ድስት ነው» አለች እቴ ይታይሽ። ከትናንት ወዲህ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ሁለቱን አየኋቸው። መደቡ ላይ ተቀመጥሁ።

«ሁልጊዜ ስትለካ እንዲህ በልተህ ነው የምትሄደው?»

«ሽሮ ወይ ክክ። የሰዓት መንገድ በባዶ ሆድ ይኬዳል እንዴ? ግን ጾሜን አፍርሼ ተለክቼ አላውቅም፣ ሐሰት አይደለም። ሰኞ ና ሲሉኝ እንኳ ‹የለም፣ ረቡዕ ወይ ዓርብ ይሁንልኝ› እላቸዋለሁ።»

«ነርሷስ አትጠይቅህም?»

«እንዴታ! ‹በጾም ነው የመጣኸው አባቴ?› ትለኛለች። ‹እኔ ጾም ሽሬ አላውቅ› እላታለሁ። ‹ጎበዝ› ብላ ትለካኛለች።»

«በጾም ማለት እንዲህ ነው ብሎ የነገረህ ማነው?» አልሁት። ያን ሰው አግኝቼ አንገቱን ለማነቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

አያ ታከለ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ።

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን አለኝ?» አለኝ። «በሽታው የተገኘብኝ ሰሞን ደውለህ ‹አያ፣ ስትለካ ሁልጊዜ በጾም ተለካ፣ ያለዚያ ልኬቱ ውሸት ነው› አላልኸኝም? እኔም የወንድሜን ቃል ብዬ ይኸው ሁለት ዓመት።»

ብዬዋለሁ። ቃል በቃል ብዬዋለሁ። እኛ አግዳሚው ላይ «የጾም ስኳርህ ስንት ነው?» ስንባባል ምንም ሳይበላ የተለካውን ማለታችን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አያ ታከለ ግን ጾም የሚያውቀው ከኛ በፊት ነው፤ ጾም ለእሱ ቅቤና ሥጋ የሌለበት ነው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። የእኔ አፍ አመለጠ፤ ወንድሜ በሞላ ሆዱ እየተለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ክኒን እየተጨመረበት፣ ምሳ ባዘገየ ቀን ስኳሩ ወርዶ መሬት ይወድቅ ነበር። ሲወድቅ የምታነሳው ሴት ደግሞ አንዲት ናት።

ተነስቼ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ስንቱን ሰው ያለ ጥፋቱ አቁሜ ፈትሻለሁ፤ ይቅር በለኝ ብዬ ግን አላውቅም። እንዴት እንደሚባልም ጠፋኝ።

«እቴ ይታይሽ፣ ወንድሜን ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ መርዙ።»

«ኧረ ተው፣ ተነስ! ታላቅ ሰው እንዲህ አይሆንም» አለችና ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ከዚያ ዓይኖቿን አንድ ጊዜ ቀና አድርጋ «ብቻ ስኳሩን ባትደፋው ሸጋ ነበር» አለች። አያ ታከለ ምን ስኳር ቢል ሁሉን ነገርሁት። በልቷልና የዛሬውን ቀጠሮ ለነገ አሳደርነው። ከሰዓት በኋላ እቴ ይታይሽ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጎረቤት ስትሄድ አየኋት። ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሐሙስ

ማለዳ ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምስ ለካሁት። መቶ ስምንት። ድጋሚ ለካሁት፤ መለኪያዋንም ጠርጥሬ። መቶ ስድስት።

ዳቦና ክኒኑን ቋጥረን ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ወረድን። የቀሩትን ሦስት ከረሜላዎቼን ምናልባት መንገድ ላይ ቢይዘው ብዬ በእሱ ኪስ ከተትኋቸው። ነርሷ ለክታ መቶ አራት ሲወጣ ካርዱን ገልብጣ፣ እሱን አይታ፣ እንደገና ካርዱን አየች። እኔ ልናዘዝ አፌን ስከፍት አያ ታከለ ቀደመኝ።

«ጆሮዬ ነው ልጄ። የነገረኝ ሰው ደኅና አድርጎ ነበር የነገረኝ፤ እኔ ነኝ ጾሙን ከጾም ጋር ያደባለቅሁት» አላት።

እሷም መጀመሪያ ሳቀች፤ ስለ መንቀጥቀጡ ሲነግራት ግን ሳቋን አቆመች። ሐኪሙ ጋ ገብታ ቆይታ ስትመለስ «መርፌ የለም» አለች። ትንሿን ክኒን የማታዋን አስቀሩለት፣ የጠዋቷንም ቀነሱለት፤ በሁለት ሳምንት ተመለስ አሉት። እናንተም በገዛ እጃችሁ እንዳትቀንሱ፤ የቀነሱት እነሱ ናቸው። ለእቴ ይታይሽ «ስኳሩን ያጠጣሽው ጥሩ አድርገሻል፣ እናቴ። ሁልጊዜም ቤት ውስጥ ይኑር» ስትላት፣ እቴ ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ከእንግዲህ ‹በጾም› አልልም» አለች ነርሷ። «ምን ብል ይሻላል አባቴ?»

«እህል ሳትቀምስ በይ! ይህ አይደል እንዴ አማርኛ!» አለ አያ ታከለ፤ ዳቦውን እየገመጠ።

አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። እቴ ይታይሽ የገብስ ቆሎ በፌስታል ሰጠችኝና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። መኪና ስንጠብቅ አንድ ጊዜ «ከረሜላህን ሁሉ ለእሱ ሰጠኸው አይደል?» አለችኝ። «ባሕር ዳር ሞልቷል» አልኋት። ከዚያ ቦርሳህን ልያዝልህ ብላ ያዘችልኝ። በአያ ታከለ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ ቦርሳውን ረስቼው ነበር።

ዓርብ

ከጎንደር ስንወጣ ጠዳ ላይ፣ ማክሰኝት ላይ የትም አልቆምንም። ያው ኬላ ስንደርስ ያ ቀጭኑ ልጅ ከሩቅ «አባት ስኳር! በሰላም ተመለሱ?» አለኝ። አሁን አፈታተሹን አሻሽሏል፤ ከታች ይጀምራል። ደስ አለኝ። ቦርሳዬን እኔው ከፈትሁለት፤ ምን እንዳለበት አውቃለሁና።

እጁ ከቆሎው ሥር ገባና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዞ ወጣ። ሲፈታው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታየ። ተሳፋሪው ሁሉ ፀጥ አለ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«እንጃ!» አልሁ። ሃያ ስምንት ዓመት «እንጃ» ያለኝን ሰው አምኜ አላውቅም። ልጁም አላመነኝም። ፊቱ ተለወጠ፤ ሌላ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው በጣቱ ጫፍ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገና «ስኳር ነው» አለ።

ጨርቁን ያን ጊዜ አየሁት። አረንጓዴ ጥለት አለው።

«አባት፣ ስኳር አለብኝ ብለው አልነበር?»

«አለብኝ።»

«ታዲያ ይህን ማን ቋጠረልዎ?»

እንባዬ ቀደመኝ። «መርዝ ታጠጣለች ብዬ የጠረጠርኋት ሴት» አልሁት።